የተዘጋ ሌንስ ሁሉ የተበላሸ አይደለም

ከካሜራው የተነቀለ የፊልም ሌንስ አንዱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሌላው ጠብቦ ተዘግቶ የሚቀመጠው ለምንድን ነው?

አሮጌ ካሜራ በሚሸጥበት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሌንሶች ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል። ሦስቱም የፊልም ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ የሦስቱም የአፐርቸር ቀለበት 16 ቁጥር ላይ ቆሟል። የመጀመሪያው የኒኮን 50 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ብርሃን አዙረው ሲመለከቱት መሀሉ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ትታያለች፤ ቀሪውን ጥቁር የብረት ምላጮች ሸፍነውታል። ሁለተኛው የካነን ኤፍዲ ነው። ቀለበቱ 16 ቢልም ሌንሱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ቀለበቱን ከዳር እስከ ዳር ቢያዞሩት አንድም ምላጭ ንቅንቅ አይልም። ሦስተኛው በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ሄሊዮስ 44-2 ነው። በፊቱ በኩል ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ አንደኛው ሲዞር ምላጮቹ እጅን ተከትለው በዝግታ ይጠባሉ፣ ላያቸው ላይም የዘይት ወዝ ያብረቀርቃል። ነገሩን በግማሽ የሚያውቅ ገዢ የመጀመሪያውን «ተዘግቶ ቀርቷል»፣ ሁለተኛውን «ሞቷል»፣ ሦስተኛውን «ዘይት ገብቶበታል» ብሎ ሦስቱንም ወደ ጠረጴዛው ይመልሳቸዋል። ሻጩም ብዙ ጊዜ የሚከራከርበት እውቀት የለውም።

ሦስቱም ግን ደህና ሊሆኑ ይችላሉ። ከካሜራ የተነቀለ ሌንስ ምላጮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ፣ መሐንዲሶቹ ሥራውን ለካሜራውና ለሌንሱ እንዴት እንዳከፋፈሉት የሚናገር እንጂ የጤንነት ምስክር አይደለም። ከዚህም አልፎ፣ ሌንሱ ካሜራው ላይ ሳለ ምላጮቹ የሚሠሩት ሥራ ከፎቶ አንሺው ዓይን የተሰወረ ነው። ስለዚህ ምላጮቹን በግልጽ ለማየት የሚቻለው ሌንሱ ሲነቀል ነው፤ ይህንን ዕድል ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚያባክነው መታየት ያለበትን እንቅስቃሴ ትቶ አቀማመጡን በማየት ነው።

በሌንሱ ሆድ ውስጥ

አፐርቸር በሌንሱ ውስጥ፣ በመስታወቶቹ መካከል የተቀመጠ፣ እየሰፋና እየጠበበ የሚገባውን ብርሃን የሚመጥን ቀዳዳ ነው። ቀለበቱ ላይ የምናነባቸው 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 የሚሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ካለው ቁጥር ግማሹን ብርሃን ብቻ ያስገባሉ። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ 2 ላይ ሲሆን ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ 16 ላይ ሲደርስ ግን ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት 64 እጥፍ ነው። ቀጥሎ የሚነሳው ጉዳይ ሁሉ ከዚህች ቁጥር ስለሚመነጭ ልብ ብሎ መያዝ ይገባል።

ቀዳዳውን የሚሠሩት ምላጮች እንደ ማጭድ የጎበጡ፣ እጅግ ስስ የሆኑ፣ ብርሃን እንዳያንጸባርቁ የጠቆሩ ብረቶች ናቸው። እያንዳንዱ ምላጭ በአንደኛው ጫፉ ወደ ፊት፣ በሌላኛው ጫፉ ወደ ኋላ የወጣች ደቃቅ ፒን አለችው። አንደኛዋ ፒን ከማይንቀሳቀስ ቀለበት ቀዳዳ ውስጥ ትገባና መታጠፊያ ትሆናለች፤ ሌላዋ ደግሞ በሚዞረው ቀለበት ላይ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ትንሸራተታለች። የሚዞረው ቀለበት ጥቂት ሲንቀሳቀስ ምላጮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መሀል ይታጠፋሉ፤ ሲመለስ ደግሞ አብረው ወደ ዳር ይሸሻሉ። ዘይትም ሆነ ግራሶ አይነካቸውም፤ ደረቅ ሆነው እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ክብደታቸው ከምንም የማይቆጠር፣ የሚገፋቸውም ሞላ ደካማ ስለሆነ ሁለት ምላጮችን የሚያጣብቅ የዘይት ጠብታ ሥራቸውን ሊያበላሽ ይችላል።

የምላጮቹ ብዛትም ቢሆን አንድ ነገር ይነግረናል። የሶቪየቱ ጁፒተር-9 15 ምላጮች ስላሉት ቀዳዳው ክብ ለመሆን ምንም አይቀረውም። ሄሊዮስ 44-2 8 ምላጮች አሉት። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሄሊዮስ 44ኤም-4 ግን 6 ብቻ ነው ያለው። ይህንን ብዙ ሰብሳቢዎች የጥራት መውደቅ አድርገው ያዩታል፤ የቀዳዳውን ቅርጽ ብቻ ካየን እውነት አላቸው። ነገር ግን ጁፒተር-9ና ሄሊዮስ 44-2 ምላጮቻቸውን በእጅ የሚያንቀሳቅሱ፣ ችኮላ የማያውቁ ሌንሶች ናቸው። 44ኤም-4 ደግሞ ካሜራው ሲያዘው በቅጽበት መዝጋት አለበት። ምላጭ በበዛ ቁጥር መፋተጊያው ይበዛል፤ ፈጥኖ መዝጋት ያለበት ሌንስ ምላጭ ቢቀንስ ምክንያት አለው።

ሁለቱ ሥራዎች የሚጣሉበት ቦታ

በላይካ ዓይነት ሬንጅፋይንደር ካሜራ ላይ ፎቶ አንሺው የሚያየው ከሌንሱ ጎን ባለ ሌላ መስኮት ነው። ሌንሱ ቢከፈት ቢዘጋ ለዓይኑ ለውጥ የለውም። ስለዚህ የላይካ ሌንስ ምላጮች ቀለበቱ ባለበት ይቆማሉ፤ ካሜራው ላይ ቢሆኑም ከካሜራው ቢነቀሉም ጠባያቸው አንድ ነው። ግራ መጋባቱ የጀመረው በሌንሱ ራሱ በኩል በሚያሳየው፣ ባለ መስታወቱ ካሜራ መምጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በድሬስደን ከተማ የወጣው ኪነ ኤክዛክታና በ1949 የተከተለው ኮንታክስ ኤስ ፎቶ አንሺው ፊልሙ የሚያየውን ያንኑ እንዲያይ አደረጉት። ዋጋው ግን ወዲያው ታየ፤ ለፎቶው ሲባል 16 ላይ የጠበበ ሌንስ ለዓይንም 64 እጥፍ ይጨልማል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ፎከስ ማድረግ እጅግ ያስቸግራል።

ለዓይን ክፍት፣ ለፊልም ጠባብ የሆነ ሌንስ ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው መፍትሔ የሰው እጅ ነው፤ ከፍተህ ፎከስ አድርግ፣ ከዚያ ዝጋና አንሳ። ከካሜራው ላይ ዓይንን ሳያነሱ ቁጥሩን ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር ሁለት ቀለበት ያላቸው ሌንሶች ተሠሩ። አንደኛው ቀለበት ማቆሚያውን አስቀድሞ ይወስናል፤ ሌላው በነጻነት እየዞረ ከክፍት እስከ ማቆሚያው ድረስ ብቻ ይሄዳል። ሄሊዮስ 44-2 ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው ክር ብቻ ስለሆነ ከላዩ ቢወርድ የሚጎድልበት ነገር የለም። የኤክዛክታ ሌንስ ሠሪዎች ደግሞ ከሌንሱ ጎን ክንድ አውጥተው በካሜራው የሸተር ቁልፍ ላይ ደረቡት። ጣት ክንዱን ሲጫን መጀመሪያ ምላጮቹ ይዘጋሉ፣ ቀጥሎ ሸተሩ ይነሳል።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራው ወደ ካሜራው ሆድ ገባ። በ42 ሚሊ ሜትሩ ክር፣ ዛሬ ሁሉም ኤም42 እያለ በሚጠራው ማሰሪያ ጀርባ፣ አንዲት ፒን ብቅ አለች፤ ሸተሩ ሲጫን ካሜራው ፒኗን ይገፋታል፣ ምላጮቹም ይዘጋሉ። በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ደግሞ ዘግቶ፣ አንስቶ፣ መልሶ በራሱ የሚከፍት ሆኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ አንሺው በቪውፋይንደሩ ውስጥ የሚያየው ሁልጊዜ ክፍት ሌንስ ሆነ። ምላጮቹ የሚዘጉት መስታወቱ ተነስቶ ቪውፋይንደሩ በሚጨልምባት፣ ከሰከንድ መቶኛዎች ጥቂቶቹን በምትወስድ ጊዜ ውስጥ ነው።

> ሌንሱ ካሜራው ላይ እስካለ ድረስ፣ ምላጮቹ ዋና ሥራቸውን የሚሠሩት ዓይን በተጋረደባት ቅጽበት ነው።

ማን ይይዛል? ማን ይለቃል?

ምላጮቹ ሁለት ቦታ ያስፈልጋቸዋል፤ አንዱ ክፍት፣ አንዱ ቀለበቱ ያዘዘው። ወደ አንደኛው ቦታ የሚስባቸው በሌንሱ ውስጥ ያለ ሞላ ነው፤ ወደ ሌላው የሚያደርሳቸው ካሜራው ነው። ሞላው የትኛውን ቦታ ይዟል? ፋብሪካዎቹ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የተለያየ ነበር፤ ሌንሱ ከካሜራው ሲነቀል የምናየውም ይህንኑ መልስ ነው።

ኒኮን ሞላውን ለመዝጋት ሰጠው። የኒኮንን ሌንስ ገልብጠው ቢመለከቱ በማሰሪያው ውስጥ አንዲት ትንሽ ዘንግ ትታያለች። በጥፍር ገፋ ሲያደርጓት ምላጮቹ ወደ ዳር ሸሽተው ሌንሱ ይከፈታል፤ ሲለቋት ቀጭ ብላ ትመለስና ምላጮቹ ቀለበቱ ወዳለበት ቁጥር ይዘጋሉ። ካሜራው ላይ ሲታሰር ይህችን ዘንግ ካሜራው በራሱ ዘንግ ገፍቶ ይይዛታል፤ ፎቶ በሚነሳበት ጊዜ ይለቃታል፣ መዝጋቱን የሌንሱ ሞላ ይሠራዋል። የፔንታክስ ኬ ማሰሪያም፣ በ1975 ከወጣ ጀምሮ፣ በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የሁለቱ ሌንሶች ከካሜራው ሲነቀሉ የሚይዛቸው ስለሌለ ወደ ታዘዙበት ቁጥር ይጠባሉ። 16 ላይ የቆመ ቀለበት 16ን ማሳየቱ የጤንነት ምልክት ነው። እንዲያውም የኒኮን ሌንስ ተነቅሎ፣ ቀለበቱ 16 ላይ ሆኖ፣ ወለል ብሎ ተከፍቶ ከተገኘ ነው መጠርጠር ያለበት።

ኤም42ና ካነን ኤፍዲ በተቃራኒው ሄዱ። በኤም42 ሌንስ፣ ለምሳሌ በታኩማር ላይ፣ የእጅና የአውቶማቲክ መምረጫ ማብሪያው አውቶማቲክ ላይ ከሆነ ሌንሱ ሲነቀል ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፤ ቀለበቱን ቢያዞሩት የሚታይ ለውጥ የለም። ከኋላ ያለችው ፒን በጣት ስትጫን ግን ምላጮቹ ቀለበቱ ወዳለበት ይዘጋሉ። በ1964 የወጣው የፔንታክስ ስፖትማቲክ ብርሃን የሚለካው ራሱ ይህችን ፒን ገፍቶ ሌንሱን ካጠበበ በኋላ ነበር፤ የመለኪያው ቁልፍ ሲነሳ ቪውፋይንደሩ ድንገት የሚጨልመውም ለዚህ ነው። በ1971 የመጣው ካነን ኤፍዲ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ከካሜራው ሲነቀል ክፍት መቆየቱ ብቻ ሳይሆን፣ በተለይ በ1979 በወጣው አዲሱ ኤፍዲ፣ የማሰሪያው አካል በካሜራ ላይ እንደታሰረ ያህል ካልዞረ በቀር ስልቱ ለእጅም እምቢ ይላል። ይህንን የማያውቅ ሰው ቀለበቱን አዙሮ አዙሮ፣ ዘንጉንም በካቻቢቴ ነካክቶ፣ «ደርቋል» ብሎ ይደመድማል። ደህና የነበረ ሌንስ በእንዲህ ያለ ምርመራ ምክንያት በእውነት ሊበላሽ ይችላል። አዲሱን ኤፍዲ ለመመርመር ቀላሉ መንገድ ካሜራ ላይ ማሰር ነው፤ ካሜራ ከሌለ ደግሞ የመቆለፊያዋን ፒን ተጭኖ የማሰሪያውን አካል በለስላሳው ማዞር። በኃይል የሚሠራ ነገር የለውም።

ከሁለቱ አካሄዶች የትኛው ይሻላል? ጠጋኞች ብዙ ጊዜ ወደ ኒኮኑ ያዘነብላሉ፤ ምክንያታቸውም የሚያሳምን ነው። የኒኮን ካሜራ ዘንግ ቢጎብጥ ወይም ቢሰበር ሌንሱ ክፍት አይያዝም፤ ቪውፋይንደሩ ይጨልማል፣ ፎቶ አንሺውም ችግሩን ፊልም ሳያባክን ያውቃል። በኤም42 ካሜራ ላይ ግን የመግፊያው ስልት ቢደክምና ፒኗን ባይነካት ቪውፋይንደሩ እንደወትሮው ብሩህ ነው። ፎቶ አንሺው 16 አዝዞ 2 ላይ ሲያነሳ ይውላል፤ የሚያውቀው ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ ነው። በሌላ በኩል የኤም42 አሠራር ለሌንስ ሠሪው ነጻነት ይሰጣል፤ የክር ማሰሪያው ማንኛውም ፋብሪካ ሊሠራው የሚችል ሆኖ ለብዙ ዓመታት በብዙ አገሮች የተስፋፋው በቀላልነቱ ነው። ሰፊ ስርጭት የራሱ የሆነ ጥቅም ስላለው ይህንን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

የኒኮኑ ምርጫ ሌላ ጥቅሙን ያሳየው ካሜራው አፐርቸሩን ራሱ መወሰን ሲጀምር ነው። ሌንሱ በራሱ የሚዘጋ ከሆነ ካሜራው ዘንጉን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ የለበትም፤ ግማሽ ለቆ ማቆም ይችላል። ለዚህ ሲባል ኒኮን በ1981 ባወጣቸው ኤአይ-ኤስ ሌንሶች የዘንጉ ጉዞ ከምላጮቹ መዝጋት ጋር በእኩል መጠን እንዲሄድ አደረገ። ፔንታክስም በ1983 ቀለበቱ ላይ «ኤ» የምትል ቦታ ጨመረ። ቀለበቱ በኒኮን በትንሿ ቀዳዳ ላይ፣ በፔንታክስ ደግሞ በ«ኤ» ላይ ይቀመጣል፤ የቀረውን ካሜራው ይመጥናል። ኋላ ላይ ኒኮን ቀለበቱን ጨርሶ ያስቀረባቸው ጂ የተባሉ ሌንሶች ሲነቀሉ ድርግም ብለው የሚዘጉት ከዚህ የተነሳ ነው። ገዢ የሚደነግጥባቸውም እነዚህ ናቸው።

በ1987 ካነን ኤፍዲን ትቶ ኢኤፍ የተባለውን ማሰሪያ ሲያመጣ ዘንጉንም ፒኑንም አስወገደ፤ በሌንሱ ውስጥ ያለ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር ምላጮቹን ያንቀሳቅሳል። መብራት ከሌለ ምላጮቹ ባሉበት ይቀራሉ። ሌንሱን ከፎቶው በፊት የሚያጠብበውን የጥልቀት ማያ ቁልፍ እንደተጫኑ ሌንሱን ከካሜራው ቢነቅሉት ጠቦ እንደተዘጋ ይቆያል፤ መልሰው እስኪያስሩት ድረስ በእጅ የሚከፍተው መንገድ የለም። በዚህ ሌንስ ላይ የጠረጴዛ ምርመራ አይሠራም፤ ገዢው ካሜራ ይዞ መምጣት አለበት።

አቀማመጡን ትቶ ፍጥነቱን ማየት

የምላጭ እውነተኛ ሕመም መዘግየት ነው። ሌንሱን ለፎከስ የሚያንሸራትተው ክር በግራሶ የተሞላ ነው። ዓመታት ሲያልፉ፣ በተለይ ሌንሱ ሙቀት ባለበት ቦታ፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው ቁም ሣጥን ላይ ከተቀመጠ፣ ከግራሶው ውስጥ ዘይቱ ተለይቶ ወደ ምላጮቹ ይሰርጋል። ዘይት የነካቸው ምላጮች ይጣበቃሉ፤ ሞላው ይስባቸዋል፣ እነርሱ ግን ይጎተታሉ። ሸተሩ ሲከፈት 16 መድረስ የነበረባቸው ምላጮች ገና 8 ላይ ቢሆኑ ፊልሙ ከታሰበው 4 እጥፍ ብርሃን ያገኛል።

ይህ ጥፋት አንድ ዓይነት አለመሆኑ ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሲነሳ ምላጮቹ ምንም ስለማይሠሩ ፎቶው ልክ ነው። 4 ላይ አጭር መንገድ ስለሚሄዱ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። 11ና 16 ላይ ግን ብርሃን ይበዛል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተነሱት አምረው፣ በጠራራ ፀሐይ የተነሱት ነጥተው ይወጣሉ። ፎቶ አንሺው የብርሃን መለኪያውን ይጠረጥራል፤ ፊልም የሚያጥበውን ይወቅሳል፤ የፊልሙን እርጅና ያነሳል። ምላጮቹን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም በቪውፋይንደሩ ውስጥ ያየው ሁልጊዜ ጥርት ያለ፣ ክፍት ሌንስ ነበር።

የተነቀለ ሌንስ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የኒኮንና የፔንታክስ ኬ ከሆነ ቀለበቱን በትንሿ ቀዳዳ ላይ አቁሞ ዘንጓን ገፍቶ ድንገት መልቀቅ፤ የኤም42 ከሆነ ፒኗን በፍጥነት ተጭኖ መልቀቅ። ደህና የሆነ ሌንስ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት ይዘጋል፤ ቀዳዳዋም በእያንዳንዱ ጊዜ እኩልና አንድ ዓይነት ቅርጽ ይኖራታል። የታመመው ሲዘጋ ይታያል። ምላጮቹ ወደ መሀል ሲሄዱ በዓይን መከተል ከተቻለ ዘግይተዋል ማለት ነው። አንዱ ምላጭ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ከቀረ ወይም ከቀዳዳዋ ጎን ወደ ውስጥ ብቅ ካለ ፒኑ ከቦይው ወጥቷል፤ ይህ ሌንሱን ከፍቶ ምላጮቹን አንድ በአንድ መልሶ መደርደር የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሙከራው ከአንድ ጊዜ በላይ መደገም አለበት፤ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ሌንስ የመጀመሪያው ላይ ተንቀራፎ ቀጥሎ ሊፈታ ይችላል። ያ የመጀመሪያው መንቀራፈፍ ግን ሊናቅ አይገባም፤ ሳምንት ተቀምጦ ሲነሳ የሚደግመው እርሱን ነውና።

> ዓይን ሊከተላቸው የሚችል ምላጮች ለፊልሙ ዘግይተውበታል።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች «ካሜራው ላይ የጥልቀት ማያ ቁልፍ እያለልን ለምን እንነቅለዋለን?» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቁልፉ ሲጫን ምላጮቹ ይዘጋሉ፣ ቪውፋይንደሩም ይጨልማል። የሚያረጋግጠው ግን ምላጮቹ መዝጋት እንደሚችሉ ብቻ ነው። ጣት ቁልፉን ተጭኖ በሚቆይበት ጊዜ በጣም የዘገየ ምላጭ እንኳ ይደርሳል። በፎቶው ቅጽበት መድረሱን ቁልፉ አይነግረንም።

ሌሎች ደግሞ የካሜራውን ጀርባ ከፍተው፣ ሸተሩን በረጅም ፍጥነት አስነስተው፣ በፊልሙ ቦታ በኩል ወደ ሌንሱ ይመለከታሉ። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ የካሜራውንና የሌንሱን መግባባት በአንድ ላይ ስለሚያሳይ ከጠረጴዛው ምርመራ የሚበልጥበትም ቦታ አለ። የጎበጠ ዘንግ ወይም የደከመ መግፊያ በዚህ መንገድ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ሸተሩ 1 ሰከንድ ሙሉ ክፍት ሲሆን የዘገየው ምላጭም መጨረሻ ላይ ስለሚደርስ፣ መታየት ያለበት መጀመሪያው ነው፤ ሸተሩ ሲከፈት ቀዳዳዋ ጠባ ትጠብቃለች ወይስ ገና እየጠበበች ነው? ሁለቱ ምርመራዎች አንዱ ሌላውን የሚተካ አይደለም፤ በሁለቱም ካለፈ ግን ሌንሱንም ካሜራውንም ማመን ይቻላል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ «ፊልም አስገባና አንሳ፣ ፊልሙ ይነግርሃል» የሚለው ነው። ፊልም በርግጥ የመጨረሻው ዳኛ ነው፤ ሆኖም ደካማ መርማሪ ነው። የተለመደው ባለ ቀለም ኔጌቲቭ ብርሃን ሲበዛበት ብዙ ይታገሳል፤ 4 እጥፍ ብርሃን ያገኘ ፍሬም ሲታተም ሊስተካከልና ጥፋቱን ሊሸፍን ይችላል። ስላይድ ፊልም አይታገስም፤ ግን ስላይድን ለሙከራ የሚያወጣ ጥቂት ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ፊልም አጥቦ የሚያትም ፎቶ ቤት እንደ ድሮው በየሰፈሩ የማይገኝ መሆኑ ሲታሰብ፣ በሁለት ጣት ሊታይ የሚችለውን በአንድ ጥቅል ፊልም መጠየቅ ብክነት ነው።

ዘይቱን ምን እናድርገው?

በጠጋኞች መካከል ስለ ዘይት ሁለት ሐሳብ አለ። አንዳንዶቹ ምላጭ ላይ ወዝ ካዩ ሌንሱ ሳይከፈትና ሳይጸዳ መሸጥ የለበትም ይላሉ። ሌሎቹ ፈጥኖ እስከዘጋ ድረስ አትንኩት፣ የከፈቱት ሌንስ ሁሉ ተመልሶ እንደነበረ አይገጥምም ይላሉ። ሁለተኛው ሐሳብ ለእኔ የበለጠ ሚዛን ይደፋል፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ ሌንሱ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ። ሄሊዮስ 44-2 ላይ ያለ ዘይት ለፎቶው የሚያመጣው ጉዳት ከምንም አይቆጠርም፤ ምላጮቹን የሚያንቀሳቅሰው እጅ ነው፣ እጅም ከዘይት ይበረታል። ያው መጠን ያለው ዘይት በታኩማር ወይም በኒኮን ላይ ቢገኝ ግን ሌንሱ ለፊልም ካሜራ የማይበቃ ሊሆን ይችላል።

ማጽዳት ካስፈለገ ደግሞ ዘዴ አለው። በፊት ወይም በኋላ በኩል የላይተር ቤንዚን ማንጠብጠብ ብዙ ሰው የሚሞክረው አቋራጭ ነው፤ ምላጮቹ ወዲያው ይፈታሉ፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ቤንዚኑ ግን ዘይቱን አላወጣውም፤ አቅጥኖ በየመስታወቱ ጠርዝና በየቦይው አሰራጨው። ሲደርቅ ዘይቱ ይመለሳል፣ አንዳንዴም መስታወቱ ላይ ጭጋግ ይተዋል። ትክክለኛው ሥራ ምላጮቹ ተራቁተው እስኪገኙ ድረስ ሌንሱን መፍታት፣ ዘይቱን በንጹሕ ጨርቅ ወስዶ ማድረቅ፣ ዘይቱ የመጣበትን የክሩን አሮጌ ግራሶም ጠርጎ በአዲስ መተካት ነው። ምንጩ ካልደረቀ ምላጩን ዘይት ደጋግሞ ይነካዋል። ምላጭ ላይ «ለስላሳ እንዲሆን» ብሎ ዘይት መቀባት ደግሞ ማንም ማድረግ የሌለበት ነገር ነው።

ፊልም የማያነሱ ወጣቶች አሮጌ ሌንሶችን በዲጂታል ሚረርለስ ካሜራ ላይ በአገናኝ ቀለበት ማሰር ከጀመሩ ወዲህ የሌንሶች ዋጋ ሚዛን ተለውጧል። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ዘንግ የሚገፋ፣ ፒን የሚጫን ነገር የለም፤ ሌንሱ ጠቦ ቢቆይም ስክሪኑ ራሱ ብርሃኑን ጨምሮ ያሳያል። ስለዚህ ቀለበት ያለው የኒኮን ሌንስ እንዳለ ይሠራል። የኤም42ቱ ሌንስ፣ ማብሪያው ወደ እጅ ካልዞረ ወይም ማብሪያ ከሌለው፣ ፒኗን ያለማቋረጥ ተጭኖ የሚይዝ ከንፈር ያለው አገናኝ ይፈልጋል። የኤፍዲው ደግሞ ዘንጉን ገፍቶ የሚይዝ፣ ራሱ የሚዞር ቀለበት ያለበትን። ያለ እርሱ ሌንሱ ለዘላለሙ ክፍት ነው። ምላጩ በግማሽ ሰከንድም ቢዘጋ ለዲጂታል ካሜራ ተጠቃሚ ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ አሮጌ ሌንስ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ገዢው በምን ላይ እንደሚያስረው ቢጠይቅ ጥሩ ነው። ዲጂታል ካሜራ ላይ ከሆነ የዘገየውን ሌንስ መዘግየቱን ነግሮ፣ በቅናሽ ሊሸጥለት ይችላል፤ ፊልም ላይ ከሆነ ደግሞ ዘንጉን ወይም ፒኑን በገዢው ፊት ይሞክርለት።